ጭንቀትና ስለት፦ ከሐረር እስከ ቁልቢ ባለው መንገድ



ሐረርን ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ግንቡ ትዝ ይለዋል። ጀጎል የሚባለው ይህ ቅጥር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ተገነባ ይነገራል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ጥንታውያን በሮቹም አምስት ናቸው። በቀደመው ዘመን ሲመሽ በሮቹ ይዘጉ ነበር፤ ውጭ የቀረ ውጭ ያድራል። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህ ግንብ ሲታነጽ ለውበት ታስቦ አልነበረም፤ ሰው ሌሊቱን ሳይባንን እንዲያድር ነው የተሠራው። የሚያስገርመው ግን አሚሩ ራሳቸው የሞቱት በጠላት ጦር አለመሆኑ ነው። ረኃብን ተከትሎ በገባ ቸነፈር ነው። ቸነፈሩን በር ዘግቶ ማስቀረት አልተቻለም።

ከዚያ ወዲህም ሐረር የሚያስጨንቅ ነገር አላጣችም። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ይዟት ቆየ። በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት የረኃብ ዘመን ተከተለ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቧት። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሶማልያ ጦር ጅግጅጋን ይዞ እስከ ሐረር አፋፍ ደርሶ ነበር። ታሪክ ስንጽፍ ማን እንደ ዘመተና ማን እንዳሸነፈ እንመዘግባለን። በእነዚያ ሌሊቶች እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው እንዴት እንዳነጉ፣ ባል የዘመተባት ሴት ጧት ተነሥታ እሳት ለማያያዝ ኃይል ከየት እንዳገኘች ግን የሚጽፍልን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ኃይል ነው፤ በተለይም የሐረር ምእመናን ጭንቀታቸውን ተሸክመው ስለሚሄዱበት አንድ መንገድ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከተው። በአማርኛችን «ጭንቅ» የሚለው ቃል ስለ ሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት «ጭንቅ ላይ ናት» እንላለን። ጎረቤቶቿ ከብበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። በዚህ ሰላምታ ውስጥ ምን ያህል ፍርሃት እንዳለ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ሰው የሚነገር ሰላምታ ነው። የተጨነቀ ሰውም «ዓለም ጠበበኝ» ይላል። አባቶቻችን ጭንቀትን የመጥበብ፣ መውጫ የማጣት ጉዳይ አድርገው እንደ ተረዱት ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። የጠበበው ሰው የሚሻው ደግሞ መውጫ ነው። ስለ መንገድ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው።

የዚህ መንገድ ታሪክ ከልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የሾሟቸው እርሳቸውን ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ራስ መኰንንን የምናውቃቸው የጦር አዛዥና የውጭ ጉዳይ ዐዋቂ ሆነው ነው፤ ወደ ኢጣልያ መልእክተኛ ሆነው መሄዳቸውን፣ በአምባላጌና በመቀሌ መዋጋታቸውን ተምረናል። የቤታቸው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ደጋግመው ወልደዋል፤ ከወለዷቸው ልጆች መካከል ግን በሕይወት አድጎ ለቁም ነገር የበቃው ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው ተፈሪ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሕፃን ሳል በተሰማ ቁጥር የወላጆች ልብ ምን ይሆን ነበር? ከዚህም በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት መጋቢት 1886 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባልላቸው ቀን ሳይመጣ ቀረ። ተፈሪ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

የዓድዋ ዘመቻ የታወጀው ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። እንግዲህ ራስ መኰንን ወደ ሰሜን ሲዘምቱ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ በሐረር ትተው የሚሄዱ አባት ነበሩ። ከሐረር ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በቁልቢ ተራራ በኩል ያልፋል። በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር እንደ ኖረው፣ ራስ መኰንን በዚያ ሲያልፉ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ስም ተሳሉ፤ በድል ቢመለሱ ቤተ ክርስቲያን ሊያንጹ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ሲመለሱም በቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዛሬ ከየአቅጣጫው ሕዝብ የሚጎርፍበት የቁልቢ ገብርኤል መነሻው ይህ የአንድ አባትና የአንድ ወታደር ስለት ነው። በተራራው ላይ አሁን የምናየው ትልቁ ሕንፃ ከዚያ በኋላ በልጃቸው ዘመነ መንግሥት የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ብዙ ወጣቶች ስለትን እንደ ውል ያዩታል። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ» የሚል፣ ገበያ ላይ እንደሚደረግ ስምምነት ያለ። አንዳንዱም በዚህ ምክንያት ይንቀዋል፤ «እግዚአብሔር ጃንጥላና ሻማ አጥቶ ነውን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከሳሙኤል እናት ከሐና እናግኝ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው ሐና ልጅ በማጣቷ ስታለቅስ፣ መብል ሲሳናት ኖረች። ወደ ቤተ መቅደስ ገብታ ተሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። (የተጨነቀን ሰው በተሳሳተ መንገድ መረዳት የዛሬ ነገር አለመሆኑን ልብ በሉ።) እርሷም ሰካራም እንዳልሆነች፣ በነፍሷ ያለውን ኀዘን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ነገረችው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቃል ነው ብዙ ጊዜ የምናልፈው፤ ሐና ከመቅደስ ወጥታ በላች፣ ፊቷም ከእንግዲህ ወዲያ የሚያዝን አልሆነም። በዚያች ሰዓት ገና አልፀነሰችም። ልጅ ይወለድ አይወለድ አታውቅም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ለብቻዋ ስትሸከመው የነበረውን አውጥታ መናገሯ፣ የሚሰማትም ማግኘቷ ነበር። ስለት ለሐና ሰላም የሰጣት ከመፈጸሙ በፊት ነው።

የቁልቢ በዓላትም ይህንኑ ያስተምራሉ። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከናቡከደነፆር እሳት ያወጣበት ነው። ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ የሰጡትን መልስ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 አንብቡት። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። ያ «ባያድነን እንኳ» የሚለው ነገር ከስለት ሁሉ በላይ የሆነ ስለት ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ መታሰቢያ ነው። የፈላውን ጋን ድምፅ በሰማች ጊዜ የፈራችው እናቲቱ ናት፤ ያጽናናት የሦስት ዓመቱ ሕፃን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ኢየሉጣን ፈርታ ነበር ብላ ከቅዱሳን ማኅበር አላስወጣቻትም። ፍርሃቷን ደብቃም አላለፈችውም፤ በየዓመቱ በዕለቷ ታነበዋለች። «ክርስቲያን ሆኜ ለምን እጨነቃለሁ?» እያላችሁ ራሳችሁን የምትወቅሱ ወጣቶች ይህችን እናት አስቧት።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከሐረር ተነሥቶ ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሰው አወዳይን፣ ሐረማያን፣ ደንገጎንና ቀርሳን ያልፋል። በዓሉ ሲቃረብ ይህ መንገድ በእግረኛ ይሞላል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ በጀርባቸው ድንጋይ የተሸከሙ፣ ጧፍና ዕጣን የያዙ፣ ጃንጥላ የታቀፉ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድም አይጠፋም። ለጨነቀው ሰው ይህ ጉዞ ምን እንደሚያደርግለት ስናጤን አባቶቻችን የሰውን ጠባይ ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር ይገባናል። ጭንቀት ልክ የለውም፤ ሌሊትም ቀንም አይልም። ስለት ግን ቀን አለው፤ ታኅሣሥ 19 ነው ወይም ሐምሌ 19 ነው። ጭንቀት ቅርጽ የለውም፤ ስለት ግን በአንደበት የሚነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የተሳለ ሰው ያስጨነቀው ነገር ምን እንደ ሆነ በስሙ ለመጥራት ይገደዳል። ጭንቀት ሰውን አስቀምጦ ያስባል፤ መንገዱ ደግሞ ያስነሣዋል፣ ያስኬደዋል፣ ያልበዋል፣ ደክሞትም ያስተኛዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አብሮ ተጓዡ ነው። ያንቺን ስለት ሳታውቅ አጠገብሽ የምትሄደው ሴት የራሷን ተሸክማለች። እየሄዱ ይጨዋወታሉ፤ አንዷ ዘንድሮ ልትለምን፣ ሌላዋ አምና የለመነችው ተፈጽሞላት ልታስገባ ትሄዳለች። የመጣው ለመነው፣ የደረሰለት መሰከረ። በሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች እንኳ እንዲህ አይነጋገሩም።

ስለዚህ በመኪና ገስግሶ ደርሶ፣ ስለቱን አስረክቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን የሚመለሰው ሰው ስለቱን ፈጽሟል፤ መንገዱን ግን አላገኘውም ባይ ነኝ። ሩቅ አገር ያለ፣ ሕመምተኛ፣ ሽማግሌ በመኪና ቢሄድ የሚወቅሰው የለም። የሚችል ሰው ግን ቢያንስ ጥቂቱን በእግሩ ይሞክረው።

በዚሁ መንገድ ላይ አወዳይ አለች። አወዳይ የታወቀች የጫት ገበያ ናት፤ ከዚያ የሚነሡ መኪኖች እስከ ሶማልያና ጅቡቲ የሚደርስ ጫት ይጭናሉ። ብዙው የአካባቢው ገበሬ ልጆቹን የሚያሳድግበት ስለሆነ በንቀት የምንናገርበት ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። በሐረርና በዙሪያዋ የጨነቀው ወጣት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርስበት በር የጫት መቃሚያው ነው። እዚያም ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ለጥቂት ሰዓት የሚሰፋ ዓለም አለ። መሳቡም ስለዚህ ነው። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ከሰውነት ሲወጣ ግን እንቅልፍ ይሸሻል፣ ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይበዛል፤ ምሽቱ ከቀኑ ይብሳል። በማግሥቱም ያው ይደገማል። እየቃማችሁ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ብትኖሩ ይህን የምጽፈው ልፈርድባችሁ አይደለም። የምትፈልጉት ነገር፣ ማለትም ጓደኛና ዕረፍት፣ የሚነቀፍ አለመሆኑን ልነግራችሁ ነው።

ይህን ስናነሣ ጎረቤቶቻችንን መርሳት አይገባንም። የሐረሪ ሙስሊም ወገኖቻችን «አፎቻ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ በሰርግም በለቅሶም አንዱ የሌላውን ሸክም የሚይዝበት ነው። እኛ በእድሩ፣ በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩ የምናደርገውን እነርሱም በራሳቸው ወግ ያደርጉታል። ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው የሚመጡ ሙስሊሞች መኖራቸውንም በበዓሉ የተገኘ ሁሉ ያውቃል። ለአንዳንድ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይመስለዋል። የሐረርን ሰው አይገርመውም፤ ጭንቅ ሲመጣ የሁለቱም ቤት በር ይንኳኳል።

ስለት በጥንቃቄ ካልተያዘ ራሱ የጭንቀት ምንጭ ሊሆን እንደሚችልም እንናገር። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ዮፍታሔ ሳያስብ ተስሎ ምን እንደ ደረሰበት ተጽፏል። መጽሐፈ መክብብም በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመፈጸም ባይሳሉ እንደሚሻል ይመክራል። ከአቅም በላይ የተሳሉ፣ ገንዘብ ተበድረው ወርቅ ያስገቡ፣ ጎረቤት ካመጣችው አንሶ እንዳይታይባቸው ያበዙ ሰዎች አሉ። ሳይፈጽሙ ዓመታት አልፈውባቸው «ይህ ሁሉ የመጣብኝ በስለቴ ነው» እያሉ የሚሰቃዩም አሉ። መልአኩ አበዳሪ አይደለም። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ በግልጽ ይንገር፤ ካህኑ እንደ አቅሙ ይመራዋል። የለመኑት ያልተፈጸመላቸውም ይኖራሉ። እነርሱ ደግሞ እምነታቸው አንሶ ነው የሚል ሰው ሲመጣባቸው የራስ መኰንንን ቤት ያስቡ። ቁልቢን የመሠረቱት ሰው የሚስታቸውን መቃብርና የልጆቻቸውን መቃብር ያዩ ሰው ናቸው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ማስታወስ እወዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እኒሁ ራስ መኰንን ከጓድሎፕ ደሴት የመጡትን ዶክተር ቪታልየንን በሐረር ሐኪም አድርገው አኑረዋል፤ በከተማዋም ሆስፒታል እንዲከፈት አድርገዋል። ለተፈሪም የፈረንሳይኛ ትምህርት ካስጀመሩት አንዱ እኒህ ሐኪም ናቸው። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል ማለት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይነግረናል። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሕይወቱን ሊያጠፋ የሚያስብ ወጣት «በጸበል ብቻ» ወይም «በክኒን ብቻ» ከሚሉት ከሁለቱም ይራቅ። ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይናገር፤ ሐኪምም ካህንም ይይ።

ለዕለት ዕለቱስ? ቁልቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጭንቀት ግን ማክሰኞ ሌሊትም ይመጣል። የሐረር እናቶች ለዚህ ያላቸው መልስ ትንንሽ ነገር ነው። በጧት ኪዳን ማድረስ፣ በፈረስ መጋላ ሲያልፉ ወደ መድኃኔዓለም ዞሮ መሳለም፣ የሚችሉትን ያህል መስገድ፣ ውዳሴ ማርያምን የዕለቱን ብቻ መድገም። «የዕለቱን ብቻ» የሚለውን አስተውሉ፤ ሰባቱን ቀን በአንድ ሌሊት የሚያደርስ የለም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያስተማረንን እነዚህ እናቶች በጸሎት መጽሐፋቸው አከፋፈል ይኖሩታል። ከዚያም ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤቷ ሁለት ቀን ከቀረች ሦስተኛው ቀን በሯ ይንኳኳል። ከየትኛውም ምክር በላይ ሰው ያዳነው ይህ የሦስተኛው ቀን ማንኳኳት ይመስለኛል። ዛሬ በስልክ ብቻ የምንጠያየቅ እኛ ያጣነውም ይህንኑ ነው።

በመንገዱ ላይ ስለምታልፉት ስለ ሐረማያ አንድ ነገር ልጨምር። በ1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሐይቁ ላይ ሳሉ ጀልባዋ ሰጠመች። እርሳቸው ተረፉ፤ በልጅነታቸው ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል ግን ከሞቱት መካከል ነበሩ። እናቱን በጨቅላነቱ፣ አባቱን በ13 ዓመቱ ያጣ ወጣት መምህሩንም በዓይኑ ፊት አጣ። ሐይቁ ራሱ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል።

የአባቱ ሞት እንዲህ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው ሳለ በመንገድ ላይ በጽኑ ታመሙ። ጉዞውን መቀጠል ስላልቻሉ ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ከዐሥር ዓመት በፊት ስለታቸውን ባስገቡበት ተራራ ላይ ሰነበቱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፈውስ አልመጣም። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. በዚያው በቁልቢ ዐረፉ። አስከሬናቸው ስለተኛ ዛሬ በሚጓዝበት በዚያው መንገድ፣ በቀርሳና በሐረማያ በኩል ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ልጃቸው አድገው በነገሡ ጊዜ አባታቸው የሞቱበትን ያንን ቦታ አልሸሹትም፤ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን በላዩ አሠሩበት።